ቢራ ማለት ምን ማለት ነው?
(ስለ ትውልድ ዘፈን ምርጫ የቀረበ የግል አስተያየት)



ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በዚህ ሰሌዳ ቀኝ ጥግ አንድ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «የትውልዳችን ዘፈን የትኛው ነው? ስሙን ጻፉ፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው በምረቃችን ዕለት ይዘፈናል» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያመነጩት ተመራቂዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ተቀጠለለት። ረቡዕ ጧት ግን ከአንዳንዱ ዘፋኝ ስም ሥር በእስክሪብቶ ስድብ ተጻፈ፤ ለስድቡም መልስ ተጻፈለት። ሐሙስ ስመጣ ወረቀቱ የለም። አራቱ ማዕዘኖቹ ብቻ ከነማጣበቂያቸው ሰሌዳው ላይ ቀርተዋል።

ስድቡን ማን እንደጻፈ፣ ወረቀቱንም ማን እንደቀደደ ለማጣራት አይደለም የተነሣሁት። ያ የዲስፕሊን ኮሚቴ ሥራ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አርባና ሃምሳ ሕፃናት ፊት የምትቆሙ ሰዎች በዘፈን ምክንያት ወረቀት የምትቀዳደዱ ከሆነ፣ ነገ ያንዱ ልጅ እናት ኦሮምኛ፣ የሌላው ሶማሊኛ፣ የሦስተኛው አማርኛ በምትናገርበት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ምን ልታዘፍኗቸው ነው? «አይ፣ እኛ አናዘፍንም» እንደማትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጀመሪያ ክፍል መምህር ሳያዘፍን ሊያስተምር አይችልም።

በመጀመሪያ ጥያቄው ተራ ጨዋታ አለመሆኑን ላስረዳ። «ዘፈን ነው እንጂ ምን አለበት!» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይሁን እንጂ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጡት ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ስላለፈ ሕይወቱ ሲጠየቅ አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው የሆነውን ነው። ዘፈንም ከዚህ አይወጣም፤ በጉርምስና የሰማነው ዜማ በሌላ ዕድሜ ከሰማነው ይልቅ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እናንተ ዛሬ ማታ በመኝታ ክፍላችሁ የምትሰሙት ዘፈን እንደ ዘንድሮ ጫማ ነገ ተጥሎ የሚቀር አይደለም። ጡረታ ስትወጡም አብሯችሁ ይወጣል። ከዘፈኑ ጋር ያያዛችሁት ፍቅርም ሆነ ጥላቻ እንዲሁ።

በተቀደደው ወረቀት ላይ የሁለት ሰዎች ስም ጎልቶ ይታይ ነበር። አንደኛው ቴዲ አፍሮ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው «ያስተሰርያል» አልበሙ፣ ያኔ ብዙዎቻችሁ ገና ሕፃናት ወይም ያልተወለዳችሁ ብትሆኑም፣ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ሁለተኛው ሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ማላን ጅራ» በኦሮሚያ የተቃውሞ ዓመታት ከወጣት አፍ ያልተለየ ዘፈን ነው፤ ዘፋኙም ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ጠቡ የተነሣው በእነዚህ ሁለት ስሞች ዙሪያ ነው።

ታዲያ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ልጅ በሻይ ሰዓት ለብቻ ለብቻ አግኝቼ፣ «የዚያኛው ዘፈን ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ቋንቋውን አያውቅም። ሌላው ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል፣ ዘፈኑን ግን እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም። «ምን እንደሚል ማወቅ አያስፈልገኝም፤ እነማን እንደሚወዱት አውቃለሁ» አለኝ። ይህቺን መልስ ቤቴ ይዣት ሄድኩ። በእርግጥ የሚያስቆጣ መልስ ነው። ነገር ግን ለመቆጣት አፌን ስከፍት የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ታሪኩን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ ራሴ ድምፅ ስጥ ብባል ልቤ ሳያመነታ «ጥላሁን ገሠሠ» ይላል። ከሀገር ፍቅር ቲያትር ጀምሮ እስከ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያደገው ይህ ሰው፣ የእኔን እኩዮች ብቻ ሳይሆን የአባቶቻችንንም ጉርምስና በድምፁ ያጀበ ነው። በ2001 ዓ.ም. በትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ሲያርፍ በቤታችን በዓሉ በዓል መሆኑ ቀረ። ይህ ግን የእኔ የግል ልብ ነው። ልቤ ለእኔ ይበቃል፤ የአንዲት ከተማ ትውልድ ዘፈን ለመምረጥ ግን አይበቃም።

እንግዲህ በምን መንገድ ይመረጥ? እስካሁን በግቢው የሰማኋቸው ሐሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛው «በድምፅ ብልጫ ይለይ» የሚለው ነው። ይህ ለክፍል አለቃ ምርጫ ይሠራል። ለዘፈን ሲሆን ግን የሚቆጠረው ዘፈኑ ሳይሆን እኛው ነን። ከየት ወረዳ ስንት ሰው ገባ ብሎ መዝገብ ቤት መጠየቅ ይቀላል።

ሁለተኛው «ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ይወሰድና ይቀጣጠል» የሚለው ነው። ይህ ሰላማዊ ይመስላል፤ ብዙ መድረክ ላይም አይተነዋል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ልብስ እየተቀያየረ ይጨፈራል፤ የራሱ ተራ ሲደርስ ያጨበጨበው ሰው የሌላው ተራ ሲደርስ ስልኩን ይነካካል። ማንም አልተከፋም፤ ማንም ደግሞ ማንንም አልሰማም።

ሦስተኛው «ሙዚቃ ቋንቋ የለውም» የሚለው ነው። ከሁሉ ይልቅ የምጣላው ከዚህ ጋር ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን ከመጠየቅ ድካም የሚያድን የስንፍና ትራስ ነው። ዜማው ቋንቋ ባይኖረው እንኳ ዘፈኑ ቋንቋ አለው። ግጥሙን የደከመበት ሰው አለ። «ዜማው ይበቃኛል፤ የምትለውን ተወው» ማለት ጎረቤትህን «ድምፅህ ያምራል፤ የምታወራው ግን አያገባኝም» እንደማለት ነው።

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከዚራ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ መሐል ለመሐል ይከፍላታል፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። በ1970ዎቹ የእኛ ሰፈር ልጆች ደቻቱን እየተሻገርን ስንጫወት ከየቤቱ ቴፕ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ቤት ጥላሁን፣ አንዱ ቤት ማሕሙድ አሕመድ፣ አንዱ ቤት የሶማሊኛ፣ አንዱ ቤት የዐረብኛ። ከገንደ ቆሬ ወገን ደግሞ አሊ ቢራ። ከተሜው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ዜማዎቹን በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ ሠርግ ቤት አብሬ አጨበጭባለሁ፤ እስክስታዬን ከእነርሱ ጭፈራ ጋር አደባልቄ እወርዳለሁ። «ይሄ ልጅ የኛ ነው!» ይሉኝ ነበር።

ታዲያ ስሙን «አሊ ቢራ» ሲሉት እኔ ምን ይመስለኝ ነበር? መጠጡ! ዘፋኝ አይደል፤ ቢራ ቢወድ ነው፤ ወይም የሆነ ጊዜ የቢራ ማስታወቂያ ሠርቶ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ደመደምኩና ተውኩት። ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅሁ፤ መምህር ሆንኩ፤ ልጆች ወለድኩ፤ ለገበያ የሚሆን ኦሮምኛ አላጣሁም፤ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ እከራከራለሁ፣ አሳንሱልኝ እላለሁ። ያቺ ቢራ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ጠርሙስ ቆማ ቀረች።

አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ድሬዳዋ መጣ። በዚያ ሳምንት ከገንደ ቆሬ አብሮ አደጌ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ሕዝቡን እናያለን። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ሁሉም ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። በዚያ መሐል ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «እኔ የምለው፣ ግን ቢራ ያሉት ለምንድን ነው?» አልኩት።

ዞር ብሎ ትክ አድርጎ አየኝ። «አቦ! አርባ ዓመት አብረህ ስትዘፍነው ኖረህ ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ቢራ ማለት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው፤ አማርኛው መፀው የሚለው። አሊ መሐመድ ሙሳ የሚባል የገንደ ቆሬ ልጅ ገና በ13 ዓመቱ ገደማ «ቢራ ዻ በሪኤ» የሚለውን ዘፈን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ ርእሱ ባማርኛ «መፀው ሆነ፤ ነጋ» እንደማለት ነው። ሰው ዘፈኑን ከመውደዱ የተነሣ የአባቱን ስም ትቶ በዘፈኑ ጠራው። ልብ በሉ፤ ያረፈውም በጥቅምት፣ በዚያው በቢራ ወቅት ነው።

ያን ቀን አፈርኩ። ያፈርኩት ኦሮምኛ አጥርቼ ባለማወቄ አይደለም፤ ሰው ሁሉን ቋንቋ ሊያውቅ አይችልም። ያፈርኩት አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ባለመጠየቄ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልኩ ተማሪ የምገሥጽ ሰው ነኝ። እንግዲህ «እነማን እንደሚወዱት አውቃለሁ» ባለኝ እጩ መምህር ላይ ልቆጣ ስል አፌን የያዘኝ ይህ ነው። እሱ ሳይጠይቅ ጠላ፤ እኔ ሳልጠይቅ ወደድኩ። የእኔ የተሻለ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

ሳይጠይቁ መውደድም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያስከፋ ከፈለጋችሁ፣ በዓለም ዙሪያ ስለእኛው የተዘፈነውን አስታውሱ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ረሀብ በገባበት ጊዜ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን አወጡ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ አሜሪካኖቹ «ዓለም እኛ ነን» አሉ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላዴልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ። ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ እህልና መድኃኒት ገዝቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትና የገባበትን፣ ገናን ታኅሣሥ 29 የሚያከብርን አገር «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ! ከእኛ አንዱን ጠርቶ ማነጋገር ይህን ያህል ይከብድ ነበርን? ዛሬም በውጭ አገር «የኢትዮጵያ የ1977 ትውልድ ዘፈን የቱ ነው?» ቢባል ብዙው ሰው የሚጠራው ያንን ነው። እኛ በዚያ ዓመት የምንሰማው ሌላ ነበር፤ የጠየቀን ግን የለም። ስለእኛ ሲሆን ይህ ቅር ካሰኘን፣ እኛም በጎረቤታችን ላይ እንዳናደርገው ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የትውልድ ዘፈን እንዴት እንደሚወለድ ታሪኩን ብናይ የድምፅ ቆጠራ አልነበረበትም። አዲስ አበባ ላይ በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያንን ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ፤ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ ትልቁ ክፍል በዚያ መንገድ ተቀርጾ ቀረልን። እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1950ዎቹ፣ አፍረን ቀሎ የተባለ የወጣቶች ቡድን ተቋቁሞ በኦሮምኛ ይዘፍን ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ መንግሥት ቡድኑን አገደው፤ አባላቱም ተበተኑ። አሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ቡድን ነው። በኋላ እሱም ያው ጥላሁን ወደነበረበት ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። እሱ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ዘፈነ፤ ጥላሁንም በኦሮምኛ ዘፍኗል። እኛ በእነርሱ ስም ወረቀት ስንቀዳደድ እነርሱ አንዱ ያንዱን ቋንቋ ይዘፍኑ ነበር!

«አሁንስ በዘፈን መጣላት ምን ያመጣል፤ ልጆች ናቸው» ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን አጥቅቶ ተመለሰ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከግንቡ ወዲያ አንዲት የሶማሌ ጎረቤት ነበረችን፤ ማታ ማታ ራዲዮዋን ከፍ አድርጋ ዘፈኗን ትሰማ ነበር። ከዚያ ጦርነት በኋላ ራዲዮው ዝም አለ። ማንም ዝጊ አላላትም። እናቴ «ለምን ዘጋሽው?» ብላ ብትጠይቃት «እንዲያው ይሻላል» አለቻት። ሴትየዋ ከማናችንም ቀድማ እዚህ የተወለደች ናት። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ እንዲሰማ ማድረግ በትእዛዝ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ስድብም ትበቃለች። ረቡዕ ዕለት ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳነብ ያስታወስኩት የእሷን ራዲዮ ነው።

በመሆኑም ምርጫው ይሰረዝ አልልም። እንዲያውም ይደረግ፤ አንድ ዘፈንም ይመረጥ። «ሁሉም እኩል ነው» ብለን ብንሸሽ ፈርተን ነው እንጂ አክብረን አይደለም። ደንቡ ግን ይለወጥ። የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ማንም ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተዘፈነ ዘፈን አይጠቁም። የሚጠቁመው የሌላውን ነው።

2ኛ/ የጠቆመው ሰው የዘፈኑን ትርጉም ቋንቋውን ከሚናገር ባልንጀራው ጠይቆ፣ በግማሽ ገጽ በራሱ አባባል ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ቃል በቃል አይገልብጥ፤ የገባውን ይጻፍ።

3ኛ/ ያስረዳው ባልንጀራም ከሥሩ «በትክክል ተረድቶታል» ብሎ ይፈርምበት። ካልተረዳው አይፈርም፤ እንደገና ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።

4ኛ/ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ የጻፈለት ዘፈን የምረቃው ዘፈን ይሁን። በዕለቱም ተመራቂው ሁሉ ይዝፈነው።

«ይህ እኮ የቤት ሥራ ሆነ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ የቤት ሥራ ነው። መምህራን ልትሆኑ አይደለም እንዴ? ነገ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ያስተማረቻትን ዘፈን ክፍል ውስጥ ስታንጎራጉር፣ «ዝም በይ» ከማለት ይልቅ «ምን ማለት ነው? አስተምሪኝ» የሚል መምህር እንዲኖራት ከተፈለገ፣ ልምምዱ የሚጀመረው ከዚህ ግቢ ነው።

ሌላም ተቃውሞ ይነሣል፦ «በዚህ ደንብ የተመረጠው የወጣቱን እውነተኛ ስሜት አይገልጽም፤ ሰው የሚወደውን ነው መምረጥ ያለበት» ይባላል። ትክክል ነው፤ የምትወዱትን ማንም አይነጥቃችሁም። በመኝታ ክፍላችሁ፣ በጆሮ ማዳመጫችሁ ስሙት። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ግቢ ስታስታውሱ አብሮ የሚመጣው ዜማ፣ በእኔ እምነት፣ ለብቻችሁ የሰማችሁት ሳይሆን አብራችሁ የዘፈናችሁት ነው። አብሮ የተዘፈነው ደግሞ ትርጉሙ ከታወቀ ከእኔ ዕዳ ትድናላችሁ።

ከአፌ ወደ ሥራ ለመግባት ያህል የመጀመሪያውን ጥቆማ እኔው አቀርባለሁ። የአፍ መፍቻዬ አማርኛ ስለሆነ፣ የልቤን ጥላሁንን ትቼ፣ «ቢራ ዻ በሪኤ»ን ጠቁሜአለሁ። የትናንት ዘፈን ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ትርጉሙን የሰማሁት በቅርብ ነውና ለእኔ አዲስ ነው። ግማሽ ገጼ ከዚህ ጽሑፍ በስተግራ ተለጥፏል። ገንደ ቆሬ ያለው አብሮ አደጌ ሁለት ጊዜ መልሶብኝ፣ በሦስተኛው ፈርሞልኛል።

ከጎኑ ባዶ ቦታ ትቼአለሁ። አራት መርፌ ቁልፍም ሰሌዳው ላይ ሰክቻለሁ። አስተያየት ያላችሁ፣ የምትቃወሙኝም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ እባካችሁ ስማችሁን ከሥሩ ጻፉ።

ቸር እንሰንብት።